የኩሽኔታው ፕሮፌሰር

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአሸዋ ሜዳ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ፕሮፌሰር ወንዳፍራሽ ምን እንደሚያስተምሩ በትክክል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ በከፊል የራሳቸው ነው። ቤት ሠርተው ወደ ሰፈሩ በገቡ በሁለተኛው ወር፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ራስዎን ያስተዋውቁ ሲባሉ ተነሥተው ቆሙና፣ ሰው እንዲገባው ብለው የፈረንጁን ቃል ትተው፣ "እኔ ዕድሜ ልኬን ያጠናሁት ሰበቃ ነው" አሉ።

በፊዚክስ መጽሐፍ ሰበቃ ማለት ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ የሚፈጠረው ኃይል ነው። በሰፈር ግን ሰበቃ የአንዱን ወሬ ለሌላው እያቀበሉ ሰው ማባላት ነው። የእድሩ ጸሐፊ ወይዘሮ አትክልት ብቻ ደፈር ብለው፣ በዚህ ነገር ዲግሪ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቁ። ፕሮፌሰሩ እስከ ዶክትሬት ድረስ እንደሚሰጥ በኩራት መለሱ።

"እንዲያ ከሆነማ" አሉ ወይዘሮ አትክልት፣ "እኛ ሰፈር ክፍል ሳይገቡ የተመረቁ ሞልተዋል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ፕሮፌሰሩ በመንገድ ሲያልፉ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር። ነገሩን ያቃናችው ባለቤታቸው ውባንቺ ነበረች። መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲዋ ለሚመጣው ሁሉ፣ ባሏ የሚያጠናው የማሽንን መፋተግ እንጂ የሰውን እንዳልሆነ እያስረዳች በሦስት ሳምንት ስማቸውን አጠበችላቸው። ግን አንዱን ስሕተት ስታስወጣ ሌላውን አስገባች። ሰፈሩ አሁን "የመካኒኮች ፕሮፌሰር ናቸው" ብሎ ደመደመ። ኮሎኔል ከተራ ወታደር በላይ እንደሆነ ሁሉ፣ ፕሮፌሰርም ከመካኒክ ሁሉ በላይ መሆን አለበት።

እውነቱን ለመናገር ግን ፕሮፌሰር ወንዳፍራሽ በሕይወታቸው አንድ ብሎን በወጉ ፈትተው አያውቁም ነበር።

ይህም ምክንያት አለው። አባታቸው ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወንዳፍራሽ በስምንት ዓመታቸው አባታቸውን የረዱ መስሏቸው የስፌት መኪናዋን ዘይት አጠጧት፤ ጠብታ በጠብታ ሳይሆን ጠርሙሱ እስኪያልቅ። በማግስቱ የአንድ ዳኛ የሠርግ ሱፍ ከአንገትጌው እስከ ወገቡ ዘይት ጠጥቶ ወጣ። አባት ልጃቸውን አልመቱም። "አንተ ማሽን አትንካ፤ ተማር" ብቻ አሏቸው። ልጃቸውም ትእዛዙን ሳያጎድሉ ፈጸሙ። ስለ ማሽን ተማሩ፤ ማሽን ግን አልነኩም።

ህንድ አገር ስድስት ዓመት ተቀምጠው ዶክትሬታቸውን ያገኙት፣ በሚሽከረከር ብረት መሐል የሚገባ ከጸጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን እንዴት እንደሚንሸራተት በቀመር አሳይተው ነው። የጥናቱ ርዕስ፣ ውባንቺ እንደምትለው፣ ተነቦ እስኪያልቅ ሽሮ ይበስላል። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አንድ የምርምር ጽሑፍ አሳተሙ፤ ከረዳት ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር ተሻገሩ። በጽሑፎቹ ውስጥ "ማሽኑ ተፈትቶ ሲታይ" የሚል ዐረፍተ ነገር በየገጹ አለ። የሚፈታው የቤተ ሙከራው ባለሙያ ሊቤ ነበር። ሊቤ ይፈታል፣ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ያያሉ፣ ሊቤ ይገጥማል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ተከባብረው ኖሩ። ከዚያ ሊቤ ጡረታ ወጣ።

በመምህርነታቸው ግን የሚያማቸው አልነበረም። በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ክፍለ ጊዜ ሲጀምሩ፣ ሰማንያውን ተማሪ መዳፉን ከመዳፉ ጋር እንዲያፋትግ ያዝዙታል። ክፍሉ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንሿሿል። "ሞቃችሁ? ይኸውላችሁ፤ አገራችን ነዳጇን የምታቃጥለው እዚህ ላይ ነው" ይላሉ። ተማሪው ይስቃል፤ ግን የሚረሳው የለም። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ የጋራዥ ቋንቋ። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል፣ ኩሽኔታውን፣ ዳዶውን፣ ካቻቢቴውን፣ በፈተና ወረቀት ላይ ካገኙት ለእያንዳንዱ ግማሽ ነጥብ ይቀንሳሉ። ዘንግ የሚሽከረከርበትን ባለ ኳስ ቀለበት መሐንዲስ "ቤሪንግ" ይለዋል። ኩሽኔታ የሚለው ሌላ ነው።

እንዲህ ሆነው ሃምሳ ስምንተኛ ዓመታቸውን ያዙ። በዚያ ዓመት መጋቢት ውስጥ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ፣ የውሃ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ ነገሳ በሩን አንኳኩ። ኦቦ ነገሳ ሰፈሩ የጤፍ ማሳ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የኖሩ፣ ሰባን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ፕሮፌሰሩን "ባርሲሳ" ነው የሚሏቸው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። አሥራ አራት አባወራ የሚጠጣውን ከጉድጓዱ ወደ ሮቶው የሚገፋው ዲናሞ ያን ዕለት ማለዳ ጮኾ ቆሞ ነበር።

"አካም ባርሲሳ" አሉ ኦቦ ነገሳ። "ዲናሞው ሞተ። ዋቃ አንተን እዚህ ሰፈር ያስቀመጠህ ለዚህች ቀን ነው።"

ፕሮፌሰሩ የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። ግን ከኦቦ ነገሳ ኋላ፣ በአጥሩ ጥግ፣ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈው አዩ። ውባንቺ ከኋላቸው ቀረብ ብላ፣ "ወንዴ፣ አልችልም ማለት እኮ ነውር የለውም" አለቻቸው በሹክሹክታ። ምናልባት እሷ ይህን ባትል ኖሮ አልችልም ይሉ ነበር።

ዲናሞውን ፈትቶ መግጠም ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እያንዳንዱን ክፍል ሲያወጡ ለተሰበሰበው ሰው ስሙንና ጥቅሙን ያስረዳሉ፤ ሰዉም ራሱን ይነቀንቃል። ኦቦ ነገሳ በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡ። ፕሮፌሰሩ በዩኒቨርሲቲውም ቢሆን እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጥተው አያውቁም። መልሰው ከገጠሙ በኋላ ግን መዳፋቸው ላይ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ቀርተው አዩ። ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቷቸው። ማብሪያው ተጫነ። ዲናሞው አንድ ጊዜ እንደ ተቆጣ ግመል አጓራ፣ ባለበት ተንቀጠቀጠ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተና ዝም አለ።

"ጥናት ያስፈልገዋል" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ኦቦ ነገሳ ጥናቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ጠየቁ። ፕሮፌሰሩም ከሠላሳ ዓመት ልማድ የተነሣ ሳያስቡት እውነቱን ተናገሩ፤ "ድጋፍ ከተገኘ ሁለት ዓመት።"

ኦቦ ነገሳ ወደ ጀሪካኖቹ ዞር ብለው አዩ።

በማግስቱ ዲናሞው በኪራይ ፒካፕ ተጭኖ ወደ ሰበታ ተጓዘ። እዚያው ዓለም ገና ላይ ዲናሞ የምታስነሣ አንዲት ሴት እንዳለች ኦቦ ነገሳ ሰምተዋል። ፕሮፌሰሩ ዛሬ የማስተምረው ክፍል የለኝም ብለው ተሳስተው ስለነገሯቸው፣ "ፈትተህ ያየኸው አንተ ነህ፤ በሽታውን ለሐኪሟ ንገራት" ብለው ከሹፌሩ አጠገብ አስቀምጠዋቸው እሳቸውም አብረው ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ፕሮፌሰሩ ኪሳቸውን እየዳበሱ ሄዱ።

ሱቋ ከዋናው መንገድ ዳር የቆርቆሮ ቤት ናት። በሯ ላይ "ዕድላዊት የዲናሞና የሞተር ጥገና" ይላል። ባለቤቷ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ሴት ናት። ፕሮፌሰሩን ስታይ የያዘችውን መፍቻ አስቀመጠች፤ እጇን በጨርቅ ጠራርጋ፣ ዝቅ ብላ፣ "ፕሮፌሰር፣ እንደምን ነዎት?" አለች።

ፕሮፌሰሩ የድሮ ተማሪያቸው መሆኗ ገባቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በማሽን ዲዛይን ኮርስ ኤፍ የሰጧት አንዲት ልጅ ነበረች። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ አይተው በሌላ ደረጃ ወርደዋል፤ ልጅቷም ከዚያ ወዲያ አልታየችም። ፊቷን ረስተውታል፤ ኮሪደሩን ግን አልረሱትም። አሁን ያች ልጅ ዘይት በዘይት ሆና ፊታቸው መቆሟን አልተጠራጠሩም።

ዕድላዊት ዲናሞውን ጠረጴዛ ላይ አስጫነች። ረጅም ካቻቢቴ አነሣችና ጫፉን በሞተሩ ገላ ላይ፣ እጀታውን በጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዘንጉን በሌላ እጇ ቀስ እያለች አዞረችው። ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ ዐይኗን ጨፍና ቆየች።

"ኩሽኔታው አልቋል" አለች። ወዲያው ወደ ፕሮፌሰሩ ቀና ብላ፣ "ይቅርታ፣ ቤሪንጉ" ብላ አረመች።

ከዚያ ሽፋኑን ከፍታ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ይህን ማን እንደፈታው ጠየቀች። ኦቦ ነገሳ ጣሪያውን ይመለከቱ ጀመር። ፕሮፌሰሩ ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ሦስቱን ነገሮች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ዕድላዊት አንድ በአንድ እያነሣች አየቻቸው። አንደኛዋ የማራገቢያው ብሎን ናት። ሁለተኛዋ ስስ የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ ናት፤ ዲናሞው ያጓራው እሷን አጥቶ ነው። ሦስተኛዋን ወደ ብርሃኑ ወስዳ አገላበጠችና፣ ከዚያ የፕሮፌሰሩን ፊት ጠጋ ብላ አየች።

"ይቺኛዋ የዲናሞ አይደለችም" አለች። "የመነጽርዎ ናት።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ነካ አደረጉ። ከትናንት ጀምሮ ዓለም ወደ ግራ አዘንብላባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ደም ግፊት መስሏቸው ለውባንቺ ሳይነግሯት አድረዋል።

ዕድላዊት መነጽሩን መርፌ በምታክል ካቻቢቴ አጥብቃ መለሰችላቸው። ቀጥላም አሮጌውን ኩሽኔታ አውጥታ አዲሱን በዘንጉ ጫፍ ላይ አስቀመጠችና ከአክብሮት ብዛት መዶሻውን ለፕሮፌሰሩ ሰጠች። እሳቸውም እምቢ ማለት አልቻሉም። መዶሻውን አነሡ፣ አነጣጠሩ፣ የውጭውን ቀለበት መቱ።

"በውስጡ ነው እንጂ ፕሮፌሰር" አለች ዕድላዊት፣ እጃቸውን ቀስ ብላ ይዛ። "በውጭው ከመቱት ጫናው በኳሶቹ ላይ ያልፋል። ጥያቄ አራት።"

ፕሮፌሰሩ ደነገጡ። ጥያቄ አራት እውነትም ጥያቄ አራት ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ በፈተናቸው ላይ አራተኛ ተራ ላይ የሚያወጡት፣ መልሱን ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ የሚያውቁት ጥያቄ። እጃቸው ግን ኮርሱን አልወሰደም። በዚህ ጊዜ እፍረቱ ከአሥራ አንድ ዓመት የኮሪደር ጸጸት ጋር ተደራርቦ ከበዳቸውና መዶሻውን አስቀምጠው ይናዘዙ ጀመር። ያን ዓመት ጨክነው እንደነበር፣ አንድ ተማሪ በአንድ ኤፍ እንደማይመዘን፣ ስታለቅስ አይተዋት ማለፋቸው እስከ ዛሬ እንደሚቆጠቁጣቸው ተናገሩ።

ዕድላዊት ግራ ገብቷት አዳመጠቻቸው። "እርስዎ እኮ ሲ ፕላስ ነው የሰጡኝ" አለች በመጨረሻ። "እኔን ያስወጣኝ ቴርሞዳይናሚክስ የሚባለው ኮርስ ነው። እሱም አልበደለኝም፤ አባቴ ታሞ እዚህ ሱቅ ስውል አላጠናሁም ነበር።"

ፕሮፌሰሩ እፎይ አሉ። እፎይታው ሳያልቅ ደግሞ ትንሽ ከፋቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከሙት ጸጸት የሌላ ሰው ሆኖ መገኘቱ፣ እሷም ኮሪደር ላይ ያለቀሰችው ልጅ አለመሆኗ፣ ምን እንደሚባል አላወቁም።

"ሲ ፕላስ የሆነው ግን" ስትል ቀጠለች ዕድላዊት፣ ሣቋን ይዛ፣ "ኩሽኔታ አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፌ ነው። አንድ በአንድ ቆጥረው ስድስት ነጥብ ቀነሱብኝ።"

ኦቦ ነገሳ ይሄኔ ጣልቃ ገቡ። "አንተ ባርሲሳ፣ ኩሽኔታን ኩሽኔታ ካላሏት ምን ሊሏት ኖሯል?" ብለው ጠየቁ። ፕሮፌሰሩ ከዚያ ሴሚስተር ጀምሮ ነጥብ መቀነሱን ተዉ።

ዲናሞው እየተገጠመ ሳለ ፕሮፌሰሩ ከሱቁ ጥግ የተደረደሩ የማዳበሪያ ከረጢቶችን አዩ። ያረጁ ኩሽኔታዎች ናቸው። ዕድላዊት አንዱንም አልጣለችም፤ በእያንዳንዱ ላይ ከየት ሰፈር እንደመጣና ስንት ወር እንደሠራ የጻፈችበት ወረቀት በሽቦ አስራለች። ለምን እንደምታስቀምጣቸው ሲጠይቋት እሷም በትክክል አታውቅም፤ በስምንት ወር የሚሞት ነገር አንድ ቀን ምክንያቱ መታወቅ አለበት ብላ ነው። ፕሮፌሰሩ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከረጢቱን ዘረገፉት። ኦቦ ነገሳ ዲናሞው ተጠግኖ፣ ተጭኖ፣ ሹፌሩ ጡሩንባ እስኪነፋ ድረስ ጠበቋቸው፤ ከዚያ ጥለዋቸው ወደ ቡራዩ ተመለሱ። የዚያን ቀን ፕሮፌሰሩ ብቻቸውን ሚኒባስ ተሳፍረው አየር ጤና ሲደርሱ ሱሪያቸው ላይ የተቀመጡበት ግሪስ ለአጠገባቸው ተሳፋሪም ተርፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ሰበታ ይሄዱ ጀመር። ውባንቺ በሦስተኛው ቅዳሜ ዕድላዊት ማን ናት ብላ ጠየቀች፤ በአራተኛው ቅዳሜ አብራ ሄደች። ስትደርስ ባሏ የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ኩሽኔታ በናፍጣ ሲያጥቡ አገኘቻቸው። ዕድላዊት፣ "ይቺን አልጸዳችም፣ እንደገና" ስትላቸው፣ እሺ ብለው ሲመልሷት ሰማች። ውባንቺ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ብርጭቆ አጥበው አይታቸው አታውቅም። ቅናቱ በዚያው ጠፍቶ ሌላ ቅሬታ ተተካ፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ቤትም ዕቃ ማጠብ የእሳቸው ሆነ።

ጥናቱ ዓመት ፈጀ። ከሱሉልታ የመጡት ኩሽኔታዎች በብርዱና በእርጥበቱ ዝገው የሞቱ ነበሩ። የሰበታዎቹን አቧራ ቧጭሯቸዋል። የቡራዩዎቹ ግን እንቆቅልሽ ሆኑ፤ ቀለበታቸው ላይ በእኩል ርቀት የተቀመጠ ጉድጓድ ጉድጓድ ምልክት አለ። ምክንያቱን ዕድላዊት ናት ያገኘችው። አንድ ቅዳሜ ፕሮፌሰሩ ቤት ምሳ ተጋብዛ ስትመጣ፣ ድንጋይ የጫኑ መኪናዎች በመንገዱ ሲያልፉ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ ዲናሞው ቤት ወጣች። መብራት ጠፍቶ ዲናሞው በቆመበት ሰዓት፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ኳሶቹ በአንድ ቦታ ላይ ሆነው ይንቀጠቀጡና ብረቱን ይቀጠቅጡታል። የሰፈሩ ዲናሞ የሚያልቀው ሲሠራ ሳይሆን ቆሞ ሳለ ነበር። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ከሥሩ ማንጠፍ።

ሠላሳ ሁለተኛው ጽሑፋቸው ይህ ነው፤ "ማሽኑ ተፈትቶ ሲታይ" የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት የሆነበት የመጀመሪያው። የመጀመሪያዋ ደራሲ ዕድላዊት ሆና ተጻፈች። የትምህርት ክፍሉ ስለ ተቋሟ ተጨነቀ፤ "ዓለም ገና፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት" የሚል አድራሻ በመጽሔቱ ታትሞ አያውቅም። እሷ ደግሞ ስልክ ቁጥሬ ካልወጣ አልፈርምም አለች። ውጭ አገር ካሉት ገምጋሚዎች አንዱ፣ በካቻቢቴ ማዳመጥ የሚባለው ዘዴ ከየት እንደተወሰደ ምንጭ ይጠቀስ ብሎ ጻፈ። ዕድላዊት "ከአባቴ" ብላ መለሰች። ፕሮፌሰሩ ሦስት ገጽ ማብራሪያ ጨመሩበትና አለፈ። ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ወር ከኔፓል አንድ ባለ ወፍጮ ደወለላት፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተግባብተው ጎማ እንዲያነጥፍ አዘዘችው።

የፕሮፌሰሩ ስም ግን በሌላ በኩል ወጣ። ዕድላዊት ሥራ ሲበዛባት ቀለል ያለውን ወደ እሳቸው ትመራ ጀመር። ባለፈው ጥር አንዲት ኡሙልኸይር የምትባል፣ ሱሉልታ ላይ ላም የምታረባ ሴት ደወለችና፣ "የዕድላዊት ረዳት እርስዎ ነዎት?" ብላ ጠየቀች። ፕሮፌሰሩ ፊት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እያቀረበ ነበር፤ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው እሳቸው መሆናቸውን አረጋገጡላት፤ ዲናሞው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያሰማም ጠየቋት።

ቅዳሜ ጠዋት በብርዱ ሱሉልታ ደረሱ። ብቻቸውን ፈቱት። ኩሽኔታው እንደ ፈሩት ዝጎ ነበር፤ አወጡት፣ አዲሱን በውስጡ ቀለበት በኩል እየመቱ አስገቡት፣ ገጠሙ። የተረፈ ነገር እንዳለ መሬቱን ሁለት ጊዜ ፈተሹ፤ አልነበረም። ማብሪያውን ሲጫኑት ዲናሞው ሰው እንዳያውቅበት የፈራ ይመስል በለሆሳስ ተነሣና ውሃው በቱቦው ውስጥ ሲሮጥ ተሰማ። ፕሮፌሰሩ ዶክትሬታቸውን ያገኙ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆኑም፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፣ ብርዱ ነው አሉ።

ኡሙልኸይር ትኩስ ወተት በትልቅ ኩባያ ሰጠቻቸው። እየጠጡ ሳለ ስልካቸው ጮኸና የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ተነጋገሩ። ሲጨርሱ፣ ከዲናሞ ሌላ ደግሞ ምን እንደሚሠሩ ጠየቀቻቸው። ዩኒቨርሲቲ እንደሚያስተምሩ፣ ፕሮፌሰር መሆናቸውን ነገሯት።

"ማሻአላህ" አለች። "ማስተማሩ በትርፍ ጊዜዎ ነው?"

ፕሮፌሰሩ ኩባያውን ከአፋቸው አውርደው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ አዎ፣ በትርፍ ጊዜያቸው እንደሆነ ነገሯት።